ተቆጣጣሪውን መስሪያ ቤት የሚከፍለው መንግስት ከሆነ ገለልተኛ ሊሆን ይችላል?

ጥያቄው የመጣው ደብሊን ካለ የኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ ማህበር ገንዘብ ያዥ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ማህበራችን በቻሪቲስ ሬጉሌተር (የአየርላንድ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት) መመዝገብ እንዳለበት ተነገረን። ምዝገባው በነፃ ነው ተባለ። ስብሰባ ላይ ሳቀርበው ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ‹ከፋይ አዛዥ ነው፤ የመስሪያ ቤቱን ወጪ መንግስት ከቻለ መንግስት ጓዳችን ገባ ማለት ነው፣ ይህን አገር ቤት አይተነዋል› ይላል። ሌላው ደግሞ ‹ለቢሮና ለደሞዝ የሚወጣው ያ ሁሉ ገንዘብ ለችግረኛ ቢሰጥ አይሻልም ወይ› ይላል። እውነት ማነው የሚከፍለው? እንዲህ ያለ መስሪያ ቤትስ ገለልተኛ ይሆናል?»

እህቴ፣ ከፋዩ መንግስት ነው። ሲቋቋምም የከፈለው መንግስት ነው፣ ዛሬም በየዓመቱ ፓርላማው ከሚያጸድቀው በጀት ላይ ይሰጠዋል። መጀመሪያ በፍትህ ሚኒስቴር በኩል ነበር፣ ከ2017 ወዲህ ደግሞ የገጠርና የማህበረሰብ ልማትን በያዘው ሚኒስቴር በኩል ነው። (ዓመታቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ የኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው።) ገለልተኛ ሊሆን ይችላል ወይ ላልሽው መልሴ «ይችላል» ነው። ግን ዝም ብሎ አይሆንም። አባሎቻችሁ የፈሩት ነገርም መሰረት አለው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

የአየርላንድን ታሪክ ላስቀድም። እዚህ አገር የበጎ አድራጎት ሕግ የወጣው በፌብሩዋሪ 2009 ነው። ከዚያ በፊት ሁሉንም ድርጅት በአንድ መዝገብ የሚይዝ መስሪያ ቤት አልነበረም። ከ1844 ጀምሮ የነበረ የስጦታና የኑዛዜ ኮሚሽን ነበር፣ እሱ ግን በአብዛኛው የሚያየው ለበጎ አድራጎት የተተወ ንብረትና ኑዛዜን ነው። ግብር ሰብሳቢው ሬቨኑ ደግሞ ከግብር ነፃ የሚያደርግ ቁጥር ይሰጣል። ብዙ ሰው ያንን ቁጥር ሲያይ «መንግስት ያወቃቸው ናቸው» ብሎ ገንዘቡን ይሰጥ ነበር። ሬቨኑ ግን የግብሩን ጉዳይ እንጂ ቦርዱ እንዴት እንደሚሰራ ወይም ሥራ አስኪያጁ ስንት እንደሚከፈለው የሚከታተል አልነበረም።

ሕጉ ወጣ፣ መስሪያ ቤቱ ግን አልተቋቋመም። ባንኮቹ ወድቀው ነበር። የመንግስት ቅጥር ታገደ፣ የሠራተኛ ደሞዝ ተቀነሰ፣ በ2010 መጨረሻ ላይም አገሪቱ ከአውሮፓ ህብረትና ከአይኤምኤፍ ጋር የ85 ቢሊዮን ዩሮ የማዳኛ ስምምነት ውስጥ ገባች። በዚያ ሰዓት «አዲስ መስሪያ ቤት ይቋቋም» የሚል ሰው ሰሚ አልነበረውም። የሕጉ ዋና ዋና አንቀጾች ሥራ ላይ ሳይውሉ ዓመታት አለፉ። በ2013 የፍትህ ሚኒስትሩ አለን ሻተር መስሪያ ቤቱ እንደሚቋቋም አስታወቁ። ዝግጅቱ ሳያልቅ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ሴንትራል ረሚዲያል ክሊኒክ የሚባለው የአካል ጉዳተኞች ድርጅት ጉዳይ አደባባይ ወጣ። ለኃላፊዎች ከመንግስት የደሞዝ ጣሪያ በላይ የሚከፈለው ጭማሪ ለበጎ አድራጎት ከተሰበሰበ ገንዘብ ይሸፈን እንደነበር ታወቀ። ነገሩ የፓርላማው የሂሳብ ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ሕዝቡ ተቆጣ። ምንም ያላጠፉ ድርጅቶች ሳይቀሩ ስጦታ ቀነሰባቸው።

ይህንን «ለችግረኛ ቢሰጥ ይሻላል» ለሚሉት ንገሪልኝ። በእነዚያ ዓመታት መስሪያ ቤቱን ባለማቋቋም ገንዘብ ተቆጥቧል፣ እውነት ነው። የተቆጠበው ገንዘብ ግን ችግረኛ እጅ አልገባም። የሰጪው እምነት ሲሸረሸር ደግሞ የመጀመሪያው ተጎጂ ያው ችግረኛው ነው፤ ምክንያቱም ሰው እጁን የሚሰበስበው ካጠፋው ድርጅት ብቻ ሳይሆን ከሁሉም ነው።

መስሪያ ቤቱ በመጨረሻ በኦክቶበር 16 ቀን 2014 ተቋቋመ። ሕጉ ከወጣ አምስት ዓመት ተኩል አልፎ መሆኑ ነው። ያኔም ሙሉ አልነበረም፤ የምርመራ ሥልጣን የሚሰጠው የሕጉ ክፍል 4 ገና ሥራ ላይ አልዋለም ነበር። በጁን 2016 ኮንሶል የተባለ ድርጅት የገንዘብ አያያዝ በአርቲኢ ቴሌቪዥን ተጋለጠ። ኮንሶል ሰው ራሱን አጥፍቶባቸው ያዘኑ ቤተሰቦችን የሚረዳ ድርጅት ነበር፣ ለዚህም ነው ነገሩ አገሩን ያስደነገጠው። ሬጉሌተሩ ያን ጊዜ ቢሮ አለው፣ ስልክ አለው፣ ቦርድ አለው። መርማሪ ሾሞ ሰነድ አስገድዶ የሚያይበት ሥልጣን ግን የለውም። ያ ክፍል ሥራ ላይ የዋለው በሴፕቴምበር 2016 ነው፣ ከነገሩ በኋላ።

በሥራዬ ደጋግሜ የማየው ችግር ይሄው ነው። መንግስታት ሕግ ማውጣት ይወዳሉ፤ ሕግ ማውጣት ርካሽ ነው። ሕጉን የሚያስፈጽመውን መስሪያ ቤት ማቋቋም ግን ገንዘብ ይፈልጋል፣ ገንዘቡም በጊዜው መምጣት አለበት። ኬንያን ተመልከቺ። የሕዝብ ጥቅም ድርጅቶች ሕጓን በ2013 አጽድቃ ሥራ ላይ ያዋለችው በሜይ 2024 ነው፣ አሥራ አንድ ዓመት ቆይታ። እዚያ የዘገየበት ምክንያት ፖለቲካ ነው፣ አየርላንድ ላይ ደግሞ በዋናነት ኢኮኖሚው ነው። ለድርጅቶቹ ግን ውጤቱ አንድ ነው፤ ሕግ አለ፣ ሕጉን የሚሠራበት ሰው የለም።

ገንዘቡ ምን ላይ ይውላል የሚለውን በደንብ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ሰው «ቢሮና ደሞዝ» ሲል ወንበርና ጠረጴዛ ነው የሚታየው። እድር ሲቋቋም ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት የሚገዛበት ገንዘብ አለ፣ ወር በወር የሚዋጣውም አለ፤ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤትም እንዲሁ ነው። የማቋቋሚያው ገንዘብ ትልቁ ድርሻ የሚሄደው መዝገቡን ለመሥራት ነው። ማንኛውም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የድርጅቱን ስም አስገብቶ ባለአደራዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ ስንት እንደገባና ስንት እንደወጣ የሚያይበት መዝገብ ማለቴ ነው። ይህ ሶፍትዌር ገዝቶ መጫን ብቻ አይደለም። አየርላንድ ውስጥ ከሬቨኑ የግብር ነፃ ቁጥር የነበራቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ድርጅቶች መስሪያ ቤቱ በተቋቋመበት ቀን በሕግ እንደተመዘገቡ ተቆጠሩ። በሕግ ተመዘገቡ እንጂ መረጃቸው አልተሟላም። አንዳንዱ ከፈረሰ ቆይቷል፣ አንዳንዱ አድራሻ ቀይሯል፣ የአንዳንዱ ሰብሳቢ በሕይወት የለም። አንድ በአንድ ደብዳቤ ጽፎ፣ ስልክ ደውሎ፣ ሰነድ ጠይቆ ማጥራት የሰው ሥራ ነው። በዚህ ላይ ቁጥሩ ያልነበራቸው ትምህርት ቤቶችና ሌሎች ድርጅቶች አዲስ ማመልከቻ ይዘው ይመጣሉ። ዛሬ መዝገቡ ላይ ከ11 ሺህ በላይ ድርጅት አለ።

ስለዚህ ከባዱ ጊዜ የመጀመሪያው ዓመት አይደለም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው። የበጀት ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚያስቡት ተቃራኒውን ነው፤ «ከተቋቋመ በኋላ ወጪው ይቀንሳል» ብለው ያቅዳሉ፣ ልክ ማመልከቻው ሲጎርፍ ሠራተኛ ያጥራል። ከዚያ ሰልፉ ይረዝማል፣ ትንንሾቹ ማህበራት ወራት ይጠብቃሉ። እንደናንተ ያለ ማህበር ሲጠብቅ ደግሞ የእርዳታ ማመልከቻ የሚያስገባበት ቀን ያልፍበታል።

አውስትራሊያ በዚህ በኩል የተሻለ አስባ ነበር። በ2011 በጀቷ ላይ ለበጎ አድራጎት ኮሚሽኗ ማቋቋሚያ 53.6 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር መደበች፣ የአራት ዓመት አድርጋ። ኮሚሽኑ በዲሴምበር 2012 ሥራ ጀመረ። የአራት ዓመት መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው ቀጥረሽ «የሚቀጥለው ዓመት እንጃ» አትይውም። ሆኖም በ2013 መንግስት ተቀየረ፣ አዲሱ መንግስት ኮሚሽኑን ማፍረስ ፈለገ፣ በ2014 የማፍረሻ ረቂቅ ሕግ ለፓርላማ አቀረበ። ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ፣ በ2016 ሐሳቡ ተተወ። ኮሚሽኑን ያተረፈው በሕግ መቋቋሙ ነው። በሚኒስትር ደብዳቤ የተቋቋመ ቢሮ ቢሆን ኖሮ በደብዳቤ ይዘጋ ነበር።

ታዲያ መንግስት እንዳያዝበት ድርጅቶቹ ራሳቸው በክፍያ ቢያስተዳድሩትስ? አየርላንድ ውስጥም ሐሳቡ ተነስቶ ነበር፣ እስካሁን ግን ምዝገባው ያለ ክፍያ ነው። እኔ ክፍያውን አልደግፍም። ሚሊዮን ዩሮ ለሚያንቀሳቅስ ድርጅት መቶ ዩሮ ምንም አይደለም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን አማርኛ ለሚያስተምር ማህበር ግን የመጽሐፍ መግዣው ነው። ደግሞም ክፍያ ነፃነትን አያመጣም። ኒውዚላንድን እዪ። በ2005 የበጎ አድራጎት ኮሚሽን አቋቋመች፣ ድርጅቶቹ ዓመታዊ ሪፖርት ሲያስገቡ ይከፍላሉ። ከፋዮች ነበሩ። በ2012 መንግስት ኮሚሽኑን አጥፎ ሥራውን ወደ አገር ውስጥ ጉዳይ መስሪያ ቤቱ ሲያስገባው ክፍያው አላዳነውም። መክፈሉ ግን ቀጠለ።

እንግሊዝ ደግሞ በጀት ሲቀነስ ምን እንደሚሆን ታሳያለች። የእንግሊዝና ዌልስ ቻሪቲ ኮሚሽን ከ1853 ጀምሮ የነበረ አንጋፋ መስሪያ ቤት ነው። ከ2010 በኋላ በቁጠባው ዘመን በጀቱ ከ29 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወደ 21 ሚሊዮን አካባቢ ወረደ። በዚያው ሰሞን ካፕ ትረስት የተባለ ድርጅት ጉዳይ ወጣ። በወረቀት 176 ሚሊዮን ፓውንድ ሰብስቧል፤ ለበጎ አድራጎት ያዋለው 55 ሺህ ፓውንድ ብቻ። ነገሩ የግብር ማምለጫ ነበር፣ ኮሚሽኑም መዝግቦት ነበር። የመንግስት ኦዲተሮቹ በ2013 መጨረሻ ኮሚሽኑን ክፉኛ ተቹት። እኔ ጥፋቱን ሁሉ በበጀቱ ላይ አልጭንም፣ ቅነሳው ከመጀመሩ በፊትም ኮሚሽኑ ድፍረት ያንሰው ነበር። ግን ከሥራው ስፋት አንጻር ገንዘቡም ሰውም ያጠረው መስሪያ ቤት መጀመሪያ የሚተወው ምርመራውን ነው፤ ምርመራ ረጅም ነው፣ ውድ ነው፣ ፍርድ ቤት ያስኬዳል።

በ2014 ጠቅላይ ሚኒስትር ካሜሮን ለኮሚሽኑ በሦስት ዓመት 8 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚጨመር አስታወቁ። ጥሩ ነው። ግን ገንዘቡን ያስታወቁት ከአክራሪነት ጋር ከሚደረግ ትግል ጋር አያይዘው ነው። አባሎቻችሁ «ከፋይ አዛዥ ነው» ሲሉ እውነት ያላቸው እዚህ ጋ ነው። መንግስት ለመስሪያ ቤቱ ጠቅላላ በጀት ሰጥቶ «ሥራህን አንተ ቅደም ተከተል አውጣለት» ሲለው አንድ ነገር ነው። «ይህ ገንዘብ ለዚህ ጉዳይ ነው» ብሎ አስሮ ሲሰጠው ሌላ ነው፤ ቀጥታ ትዕዛዝ ሳይሰጥ የማንን በር እንደሚያንኳኳ ይወስንለታል። የተቆጣጣሪን ዓመታዊ ሪፖርት ሳነብ ከጠቅላላው ድምር ይልቅ የታሰረውን ገንዘብ የምፈልገው ለዚህ ነው።

ጎረቤታችሁ ሰሜን አየርላንድ ደግሞ በማቋቋሚያ ጊዜ የሕግ ሥራን መቆጠብ ምን እንደሚያስከፍል የሚያሳይ ነው። እዚያ የበጎ አድራጎት ኮሚሽኑ በ2009 ተቋቋመ፣ ሠራተኞቹም እንደማንኛውም መስሪያ ቤት ፋይል እያዩ ይወስኑ ነበር። በ2019 ፍርድ ቤቱ ሕጉ ሥልጣኑን የሰጠው ለኮሚሽነሮቹ እንጂ ለሠራተኞቹ አይደለም አለ፣ በ2020 ይግባኝ ሰሚው አጸናው። በሺዎች የሚቆጠሩ ውሳኔዎች፣ ምዝገባዎችን ጨምሮ፣ በአንድ ጊዜ መሰረት አጡ። ነገሩን ለማስተካከል በ2022 አዲስ ሕግ ማውጣት ግድ ሆነ። መጀመሪያ ላይ አንድ ጎበዝ የሕግ ሰው በደንብ ቢያየው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

አሁን አገር ቤት ወዳያችሁት ልምጣ። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ሲወጣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማህበራት ኤጀንሲ ተቋቋመ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በፆታ እኩልነት፣ በፍትህ ጉዳይ እንዳይሠራ ተከለከለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) እና የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር የባንክ ሂሳብ ታገደ። ለብዙዎቹ ድርጅቶች የኤጀንሲው ቦርድ የወሰነው የመጨረሻ ነበር፣ ፍርድ ቤት ሄዶ ይግባኝ ማለት አይፈቀድላቸውም። ይህንን ያየ ሰው «መንግስት የሚከፍለው ተቆጣጣሪ» ሲባል ቢደነግጥ አልፈርድበትም።

ነገር ግን አንድ ነገር አስተውይ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መጣ፣ የ10 በመቶው ገደብ ተነሳ፣ ፍርድ ቤት መሄድ ተፈቀደ፣ ከድርጅቶቹ የተወከሉ ሰዎች ቦርዱ ውስጥ ሰፋ ያለ ቦታ አገኙ። በጀቱ ግን በሁለቱም ዘመን ከዚያው ከመንግስት ካዝና ነው። ገንዘቡ ከአንድ ቦታ እየመጣ የመስሪያ ቤቱ ጠባይ ይህን ያህል ከተለያየ፣ ልዩነቱን ያመጣው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው፤ የሥልጣኑ ልክ፣ የይግባኙ በር፣ ቦርዱን የሚሾመው ሰው። አዲሱ ሕግም ቢሆን ሁሉን አልፈታም። በ2024 መጨረሻ ኤጀንሲውን የተካው ባለስልጣን መስሪያ ቤት የተወሰኑ የመብት ድርጅቶችን አግዶ ነበር። እገዳ በአንድ ደብዳቤ የሚመጣ ከሆነና ይግባኙ ወራት የሚፈጅ ከሆነ ድርጅቱ መብቱ ወረቀት ላይ እያለ ይዳከማል።

በዚህ ዓይን የአየርላንዱን መዝኚው። ሕጉ መስሪያ ቤቱ በሥራው ገለልተኛ ነው ይላል። ሂሳቡን የሚመረምረው የመንግስት ዋና ኦዲተር ነው። በውሳኔው ያልተስማማ ድርጅት የሚሄድበት ለብቻው የቆመ የበጎ አድራጎት ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት። የማልወደው ነገር አለ፤ ቦርዱን የሚሾመው ሚኒስትሩ ነው፣ ስንት ሠራተኛ እንደሚቀጠርም ያለ መንግስት ፈቃድ አይወሰንም። ይህ ድክመት ነው። ቢሆንም መንግስትን የተቸ ማህበር ስለተቸ ብቻ የሚዘጋበት ሕግ አይደለም።

ወደ እናንተው ማህበር ስንመጣ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ። የእድር ሂሳብ አላችሁ? አባል የሆነ ብቻ የሚረዳበት፣ አስከሬን አገር ቤት የሚላክበት? እሱ እንደ በጎ አድራጎት አይቆጠርም፤ ሕጉ የሚፈልገው የሕዝብ ጥቅም ነው፣ እድር ደግሞ የአባላት መረዳጃ ነው። ሁለቱን በአንድ የባንክ ሂሳብ ከያዛችሁ ማመልከቻው ላይ ትቸገራላችሁ፣ ስለዚህ አሁኑኑ ለዩት። ለፖለቲካ ፓርቲ ወይም ለዕጩ ገንዘብ የምታሰባስቡ ከሆነም ሕጉ አይቀበላችሁም። ያ መብታችሁ ነው፣ ግን በሌላ ስም አድርጉት።

ልጆቹን የምታስተምሩበት፣ አዲስ የመጣ ስደተኛ የምትረዱበት ሥራ ግን በደንብ ይገባል። እሱን እየሠራችሁ፣ ራሳችሁን በጎ አድራጎት ድርጅት እያላችሁ አለመመዝገብ ደግሞ በሕግ ያስጠይቃል፣ ስለዚህ ጉዳዩ የድምጽ ብልጫ ጉዳይ አይደለም። መተዳደሪያ ደንባችሁ፣ የባለአደራዎቹ ዝርዝር፣ የባንክ ሂሳባችሁና የምትሠሩትን በግልጽ የሚያስረዳ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ጽሑፉ ላይ «ማህበረሰቡን መርዳት» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ ማን፣ የት፣ እንዴት እንደሚጠቀም ጻፉ። ፋይል የሚመለሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ከተመዘገባችሁ በኋላ የሂሳብ ዓመታችሁ ባለቀ በ10 ወር ውስጥ ዓመታዊ ሪፖርት ታስገባላችሁ። አንቺ ገንዘብ ያዥ ስለሆንሽ ቀኑን ከአሁኑ ማስታወሻሽ ላይ ያዢው። ከሬቨኑ የሚገኘው የግብር ነፃነት ለብቻው ሌላ ማመልከቻ ነው፤ የሬጉሌተሩ ቁጥር ሲመጣ ሁሉም አለቀ ብላችሁ እንዳትቀመጡ።